«ሃምሳ ሲደመር አንድ» ምንድን ነው?

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፦ 51 በመቶ አይደለም።

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለተካሄደው የኬንያ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲያብራራ ሰማሁ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) አሸናፊ የተባሉት ዊልያም ሩቶ ያገኙት 50.49 በመቶ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ሃምሳ ሲደመር አንድ ነው፤ 51 ስላልሞላ ሁለተኛ ዙር መጠራት ነበረበት አለ። ረጋ ብሎ፣ ቅንጣት ሳይጠራጠር። ጠያቂውም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ስህተቱ ካንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ሲዘዋወር ዕድሜ ጠግቧል።

«አንድ» የተባለው አንድ ድምፅ ነው። አንዲት ወረቀት። አንድ በመቶ አይደለም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ እዚያው ኬንያ ላይ እንየው። ዋጋ ያላቸው ድምፆች 14,213,027 ነበሩ። ግማሹ 7,106,513 ከግማሽ ነው። ግማሽ ድምፅ የሚሰጥ ሰው የለምና ለማለፍ 7,106,514 ይበቃል። ሩቶ ያገኙት 7,176,141 ነው። ከ69,000 በላይ ተርፏቸዋል። በተንታኙ ሒሳብ ግን 7,248,644 ያስፈልጋቸው ነበር። ከ72,000 በላይ ይጎድላቸዋል ማለት ነው። ሰውዬው «አንድ» ሲል ሳያውቀው 142,000 ሰው ጨምሮበታል።

እውነቱን ለመናገር ሐረጉ ራሱም እንከን አያጣውም። የኬንያ ሕገ መንግሥት «ሃምሳ ሲደመር አንድ» አይልም። ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ነው የሚለው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ ጠቅላላው ድምፅ ለሁለት እኩል ሲከፈልም አንድ ናቸው። እኩል የማይከፈል ሲሆን ግን ይለያያሉ። 1,001 ድምፅ ተሰጠ እንበል። ግማሹ 500.5 ነው። ከግማሽ በላይ ለመሆን 501 ይበቃል። «ሃምሳ በመቶ ሲደመር አንድ ድምፅ» የሚለውን እንደ ቃሉ ከወሰድነው ግን 501.5 ይመጣል፤ ስለዚህ 502 ያስፈልጋል። የአንድ ድምፅ ልዩነት ነው፤ ማንም አይሞትበትም። የሙያ በሽታ ሆኖብኝ ነው ያነሳሁት።

ዋናውን ሐሳብ በሩጫ ላስረዳ። ሁለት ዓይነት ውድድር አለ። በአንደኛው ቀድሞ የገባ አሸነፈ፣ አለቀ። ሰዓቱን የሚጠይቀው የለም። በሌላኛው አንደኛ መውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሚኒማም፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀመጠውን ሰዓት፣ ማሟላት አለብህ። የፕሬዚዳንት ምርጫም እንደዚሁ ነው። በፊሊፒንስ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል። በ1992 ፊደል ራሞስ 24 በመቶ እንኳ ሳይሞላላቸው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሕጉ የሚለው እንደዚያ ስለሆነ ማንም «ሃምሳው የታል?» ሊላቸው አይችልም። ኬንያ፣ ጋና፣ ብራዚል ግን ሚኒማ አላቸው።

ሚኒማው ደግሞ በየአገሩ ይለያያል። ሴራሊዮን ወደ 55 በመቶ ከፍ አድርጋዋለች። በአርጀንቲና 45 በመቶ ያለፈ፣ ወይም 40 ደርሶ ተከታዩን ከ10 ነጥብ በላይ የቀደመ በመጀመሪያው ዙር ይገላገላል። ናይጄሪያ ሃምሳን አትጠይቅም። ግን አንደኛ የወጣው ሰው ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ግዛቶች፣ በእያንዳንዳቸው ከተሰጠው ድምፅ ሩቡን ማግኘት አለበት። በ2023 ቦላ ቲኑቡ ያሸነፉት በ36.61 በመቶ ነው። ኬንያ ደግሞ ሁለቱንም ደርባለች፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ፣ በዚያ ላይ ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ ሩብ ሩብ። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ አንድ አገር ምርጫ «ሃምሳ አልሞላም» ሲልህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለመሆኑ እዚያ ሃምሳ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ነው።

«አብላጫ ድምፅ» የሚለው ቃላችንም ነገሩን አያቀልልንም። ከሁሉ የበለጠ ማለት ይሆናል፤ ከግማሽ የበለጠ ማለትም ይሆናል። ሁለተኛውን «ፍጹም አብላጫ» የሚሉ አሉ፤ እሰየው። ይህ መንታ ትርጉም የእኛ ቋንቋ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የማላዊ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ በመራጩ አብላጫ ይመረጣል ይላል። ለዓመታት ይህ «ከሁሉ የበለጠ» ተብሎ ተነበበ። ፒተር ሙታሪካ በ2014 በ36.4 በመቶ፣ በ2019 በ38.57 በመቶ አሸናፊ ተባሉ። የ2019ኙ ግን ፍርድ ቤት ደረሰ። የውጤት ቅጾች ላይ ቁጥሮች በማጥፊያ ቀለም እየተሸፈኑ ተስተካክለው ተገኙ። ዳኞቹ በ2020 መጀመሪያ ላይ ምርጫውን ሰረዙት። በዚያው ፍርድ አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት ነው ብለው ወሰኑ። የሕገ መንግሥቱ ቃል አልተነካም፤ የተቀየረው አነባበቡ ነው። በዚያው ዓመት ምርጫው ሲደገም ላዛረስ ቻክዌራ ከግማሽ በላይ አግኝተው አሸነፉ።

እግረ መንገዴን፦ የማላዊው የ2020 ምርጫ ሁለተኛ ዙር አልነበረም። የተሰረዘ ምርጫ እንደገና ሲካሄድ ነው። ሁለተኛ ዙር የሚባለው የመጀመሪያው ዙር ደህና ተካሂዶ፣ ሚኒማውን ያሟላ ሲጠፋ የሚመጣው ነው። ሁለቱንም «ዳግም ምርጫ» እያሉ መጥራት አድማጭን ያደናግራል። ያ ተንታኝም እንዲሁ ቀላቅሏቸዋል።

ወደ ሩጫው ልመለስ፤ ምሳሌዬ እዚህ ጋ ማነከስ ይጀምራልና። በሩጫ ሚኒማው ሰዓት ነው። ሌሎቹ ቢሮጡም ቢተኙም ያንተ ሰዓት ያው ነው። በምርጫ ግን መስመሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ግማሽ ሲባል የምን ግማሽ? ትምህርት ቤት ላዕልና ታህት (የክፍልፋይ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር) ተምረናል። ሁሉም ሰው ላዕሉ ላይ ይጨቃጨቃል፤ ጉዱ ያለው ታህቱ ጋ ነው።

አሁንም ኬንያን ልጥቀስ፤ በዚህ ጉዳይ የመማሪያ አገር ናት። በ2013 ኡሁሩ ኬንያታ በ50.07 በመቶ አሸነፉ ተባለ። ከአፍንጫ የቀረበ ውጤት ነው። ያ መቶኛ የተሰላው ዋጋ አልባ የሆኑት ወረቀቶች ጭምር ታህቱ ውስጥ ገብተው ነበር። ከዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋጋ አልባ ድምፅ ስሌቱ ውስጥ አይገባም አለ። በዚህ ስሌት ያው ውጤት ወደ 50.5 በመቶ ከፍ ይላል። አንድም መራጭ ሐሳቡን አልለወጠም፤ አንድም ወረቀት አልተጨመረም። ከታች ያለው ቁጥር ስላነሰ ብቻ መቶኛው አደገ።

ባዶ ወረቀትስ? ብራዚል ባዶ ወረቀት ከስሌቱ ትጥላለች። ኮሎምቢያ ግን ዋጋ ካላቸው ድምፆች ጋር ትቆጥረዋለች። ስለዚህ ያው መራጭ፣ ያው ባዶ ወረቀት አንዱ አገር መስመሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሌላው አገር ምንም አያመጣም። የሁለት አገር መቶኛ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያወዳድር ሰው ሳይ የምቅበጠበጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። «ከሕዝቡ ግማሽ በላይ መረጣቸው» የሚባለው። በ2022 ኬንያ ውስጥ ከ22 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። የሩቶ 7.18 ሚሊዮን ከዚያ ውስጥ ሲሶ አይሞላም። ይህ ድሉን አያሳንሰውም። ሕጉ የሚቆጥረው ወጥቶ በትክክል ድምፅ የሰጠውን ነው። ቤቱ የቀረው ታህቱ ውስጥ የለም። ግን «ሕዝቡ» እና «ድምፅ የሰጠው» ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛ ዙርን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሁለት ሰው ብቻ ቀርቦ፣ ዋጋ ያለው ድምፅ ብቻ ሲቆጠር፣ እኩል ለእኩል ካልወጡ በቀር አንዱ ከግማሽ በላይ ማግኘቱ አይቀርም። ሒሳቡ ራሱ ያመጣዋል። ሁለት ሯጭ ብቻ አስቀርተህ ሚኒማውን «ከሌላኛው መፍጠን» እንደማድረግ ነው። በ2022 የብራዚሉ ሉላ በመጀመሪያው ዙር 48.43፣ በሁለተኛው 50.90 በመቶ አገኙ። የመጀመሪያው ቁጥር ሁሉም አማራጭ እያለ ሰዎች የሰጡት ነው፤ ሁለተኛው ግን አማራጭ ከጠበበ በኋላ የመጣ ነው። ቢሆንም ዙሩ ለይስሙላ አይደለም። ጋና ውስጥ በ2008 ናና አኩፎ አዶ በመጀመሪያው ዙር 49.13 በመቶ አግኝተው መሩ። ጆን አታ ሚልስ 47.92 ላይ ነበሩ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ሚልስ በ50.23 በመቶ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አንደኛ የገባ ያሸንፋል ቢባል ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

አሁን ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝን ልናገር፤ ሥራዬ ስለሆነ አላስችል አለኝ። ውጤት ከመታወጁ በፊት ታዛቢዎች ከተመረጡ ጣቢያዎች ቁጥር ሰብስበው ግምት ያወጣሉ። ጥሩ ናሙና ከሆነ ግምቱ ይታመናል። ግን ሁለት ጥያቄ አለ። ማን ይመራል? መሪው ግማሽን አልፏል ወይ? ለመጀመሪያው አጥጋቢ መልስ እየሰጠ ለሁለተኛው ዝም ሊል ይችላል። ግምቱ 50.3፣ የስህተት ህዳጉ አንድ ነጥብ ወደላይና ወደታች ከሆነ ግማሽ ስለማለፉ ምንም አልተናገረም። ዛምቢያ በ2016 ኤድጋር ሉንጉ ያለፉት በ50.35 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የሚቆርጠው ሙሉ ቆጠራው ብቻ ነው። ማጠጋጋትም አለ። 49.996 ስክሪን ላይ 50.00 ሆኖ ይታያል። መቶኛው ሃምሳ ዙሪያ ሲያንዣብብ መቶኛውን ተዉትና ጥሬ ድምፁን ፈልጉ።

የቀረው ፓርላማው ነው። ተንታኛችን እሱንም ደርቦበታል፤ ፕሬዚዳንቱ ከግማሽ በላይ ካገኘ ፓርቲውም ምክር ቤቱን ይዟል ማለት ነው ብሎ። ቀኑ አንድ ነው፣ መራጩም ያው ነው፤ አቆጣጠሩ ግን የተለየ ነው። ጋና በ2020 አኩፎ አዶን በ51.3 በመቶ መረጠች። (ይኼኛው ለተንታኙም ይሞላለታል።) በዚያው ቀን 275 የምክር ቤት መቀመጫዎች በየምርጫ ክልሉ ቀድሞ ለገባ ተሰጡ፤ እዚያ ሚኒማ የሚባል ነገር የለም። ውጤቱ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ 137፣ ተቃዋሚው 137፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ ሆነ። ከ275 ግማሽ በላይ ለመሆን 138 ያስፈልጋል። ሁለቱም አንድ አንድ ጎደላቸው። አፈ ጉባኤ ሆነው የተመረጡት አልባን ባግቢን የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው ናቸው። የግሉ ተወዳዳሪ ግን ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ጎን ተቀመጠ፤ 137 ሲደመር አንድ።