የወርቅ ካስማ ምንድን ነው? በበረዶ አሻራ ላይ የተተከለው የዘመን ወሰን

ሐዋሳ ላይ «በረዶ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ቆርቆሮውን ደብድቦ ብዙም ሳይቆይ የሚቀልጠውን ነው። በሥነ ምድር ግን ይኸው ቃል ዐለት እየፈጨና እየጎተተ በየብስ ላይ የሚጓዘውን ግዙፍ የበረዶ ግግርም ይሸከማል። ከምድር ዘመናት አንዱ፣ ኤዲያካራን የተባለው፣ የሚጀምረው ይህ ግግር ከቀለጠበት ንብርብር ላይ ነው።

የወርቅ ካስማ ማለት የአንድ ዘመን መነሻ እንዲሆን በዓለም አቀፍ ስምምነት የተመረጠ፣ በአንድ ሥፍራ ባለ የዐለት ንብርብር ላይ የሚገኝ ነጥብ ነው። የኤዲያካራን ዘመን ካስማ በ2004 እ.ኤ.አ. የጸደቀው በደቡብ አውስትራሊያ በፍሊንደርስ ተራሮች ሲሆን፣ ምልክቱ ስሙ ወርቅ ይባል እንጂ የነሐስ ሰሌዳ ነው። ከነጥቡ በታች ያለው የግግር ቅሪት ነው። ወራጅ ውሃ ጠጠሩን ከደለሉ በመጠን እየለየ ሲያስቀምጥ በረዶ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚጥል፣ በደቃቅ ጭቃ መካከል ትልልቅና አንዳንዴም የተጫጫሩ ድንጋዮች ተሰንቅረው ይገኛሉ። ከነጥቡ በላይ ደግሞ ዶሎማይት የተባለ፣ የኖራ ድንጋይ የሚመስል ፈዛዛ የካርቦኔት ዐለት እንደ ክዳን ድንገት ይጀምራል። ተመሳሳይ ክዳን በናሚቢያ፣ በቻይናና በካናዳም ይታያል፤ በአውስትራሊያው ደለል ውስጥ የቀረው የጥንት መግነጢስ አቅጣጫም ግግሩ ለምድር ወገብ ቅርብ እንደነበር ያመለክታል። ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ፣ ምድር በበረዶ ተሸፍና ሳለ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ተከማችቶ ሙቀቱን አንሮታል፣ በረዶው ሲቀልጥም ካርቦኔት በባሕር ወለል ላይ በብዛት ዘቅጧል የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ለመጡት ዘመናት ወሰን የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፍጡር ቅሪተ አካል መታየት ነው። በዚህኛው ጊዜ ግን ዛጎል ያላቸው እንስሳት ገና ስላልነበሩ ምስክርነቱ ለበረዶ ተሰጠ። ለኤዲያካራን መነሻ የሚሰጠው፣ ከ635 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሚለው ቁጥር የተገኘው ካስማው ካለበት ሥፍራ ሳይሆን በናሚቢያና በቻይና ካሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች፣ በውስጣቸው ያሉ ዚርኮን የተባለ ማዕድን ቅንጣቶች ዕድሜ ተለክቶ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ነገ ቢሻሻል እንኳ ወሰኑ ከንብርብሩ ላይ አይነቃነቅም፤ የዘዴው ብልሃት፣ በእኔ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው። ከኤዲያካራን በፊት ያለው የክራዮጄኒያን ዘመን መነሻ በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ የቆየው በቁጥር ብቻ፣ ማለትም መጀመሪያ ከ850፣ በኋላም ከ720 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሚል ነው።

ይህን የበረዶ አሻራ ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ወለድ ዐለት ለዚህ ታሪክ እጅግ ወጣት ነውና። በትግራይ፣ በነጋሽ አካባቢ ግን የክራዮጄኒያን ዘመን የግግር ቅሪት ይገኛል፤ በተምቤን ዐለቶች ውስጥ ከግግሩ ደለል በታች ያሉ የእሳተ ገሞራ ንብርብሮችም ዕድሜያቸው ሲለካ ወደ 720 ሚሊዮን ዓመት የተጠጋ ሆኖ ተገኝቷል።