«ምትክ መለኪያ» ምንድን ነው?

አንድ አዲስ መድኃኒት ዕድሜ ያራዝም እንደሆነ ማወቅ ዓመታት ይፈጃል። ሺዎችን ተከታትሎ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ መቁጠር አለ። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚታየውን ነገር ይለካሉ፦ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ የካንሰር ዕጢ መጠን። በሽተኛው ላይ የሚደርሰውን ተክቶ የሚቆም ቁጥር ነውና ምትክ መለኪያ ይባላል።

አንዳንዱ ምትክ ያስተማምናል። የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ እንደዚያ ነው፤ ቫይረሱ ሲቀንስ ሰው በሕይወት እንደሚቆይ ደጋግሞ ታይቷል። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም።

ሃርት አታክ ካገኛቸው ሰዎች መካከል የልብ ምታቸው የሚዛባው በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ኤንካይናይድ እና ፍሌካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች ይህን መዛባት ጸጥ ያደርጉ ነበር። ምቱ ከተስተካከለ ሞቱም ይቀንሳል ተብሎ ታሰበ። ማንም እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሐኪሞችም መድኃኒቶቹን ለበሽተኞች አዘዙ።

በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካስት የሚባለው ሙከራ ተጀመረ። ልብ በሉ፣ ወደ ንጽጽሩ የገቡት መድኃኒቱ ምታቸውን ማስተካከሉ አስቀድሞ የታየላቸው ናቸው። ማለትም ምትክ መለኪያው በእነሱ ላይ «ሠርቷል»። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ። ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 743 ደግሞ 26። በእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ላይ ሙከራው በ1989 ተቋረጠ። ከዚያ በፊት ስንት ሰው ሐኪሙን አምኖ እንደዋጣቸው ሳስብ ያመኛል።

ለምን ሆነ? ምትክ መለኪያ የሚያየው አንድ መንገድ ብቻ ነው። መድኃኒት ግን ሰውነት ውስጥ በብዙ መንገድ ይሠራል። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ የሠራው ቶርሴትራፒብ የሚባል መድኃኒትም ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል በደንብ ከፍ አደረገ፤ ግን የደም ግፊትም ጨመረ። ከ15,000 በላይ ሰዎች የገቡበት ትልቁ ሙከራ የሚሞተው ሰው በመብዛቱ በታኅሣሥ 2006 ቆመ። ኩባንያው መድኃኒቱን እዚያው ተወው።

ታዲያ ምትክን ጨርሶ መተው ይሻላል? እኔ አይመስለኝም። በካንሰር የተያዘ ሰው አሥር ዓመት ጠብቅ አይባልም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከ1992 ጀምሮ ለከባድ በሽታዎች በምትክ መለኪያ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ቀድሞ መፍቀድ ይችላል። ኩባንያው ግን እውነተኛውን ጥቅም በሌላ ሙከራ ማሳየት አለበት። ካላሳየ ፈቃዱ ሊነሳ ይችላል።