የዝንጀሮዋን እሾህ ማን ወሰደው?

ባለፈው ሐምሌ የሰፈራችን እድር ጠቅላላ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ሰፈራችን ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ ወጨጫ ተራራ ፊት ለፊት የሚታይበት፣ ግማሹ አስፋልት ግማሹ ጭቃ የሆነ ሰፈር ነው። ለውይይት የቀረቡት ጉዳዮች ሦስት ነበሩ፤ የተቀደደው ድንኳን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጭቃ እና የሥራ ዘመኑ ያለፈው ኮሚቴ። የቱ ይቅደም በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ መልካም ኮት የለበሱ ሰው እጃቸውን አወጡና፣ «ወገኖቼ፣ አበው ምን ይላሉ? ቅድሚያ ለመቀመጫዬ አለች ዝንጀሮ! መጀመሪያ ወንበሩ ባለቤት ያግኝ፤ ሌላው ይደርሳል» አሉ። ጉባኤው ሳቀ፤ አጨበጨበም። እሳቸው ራሳቸው ለሊቀመንበርነት እንደሚወዳደሩ የሰማሁት ከሻይ በኋላ ነው።

እኔ አልሳቅሁም። ባለቤቴ ጎኔን በክርኗ ነካ አድርጋ «ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ዝንጀሮዋ ተሰደበች ብል ማን ይሰማኛል?

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እተወው ነበር። ይህን ተረት «መጀመሪያ የእኔ ጥቅም» ለማለት የሚጠቀሙበትን ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሰምቻለሁ። ሥልጣን ወዳድን ለመስደብ የሚያመጡትም አሉ። ዝንጀሮዋ ከሁለቱም የለችበትም። ተረቱ የሚለው «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ነው። በ«መቀመጫዬ» ጭራ ላይ ያለችውን «ን» ተመልከቱልኝ። በከንቱ አልገባችም፤ የተሰወረ ነገር አለ ማለቷ ነው። የመቀመጫዬን ምን? የመቀመጫዬን እሾህ! ሰውነቷን በሙሉ እሾህ ወግቷት የቱ ይነቀልልሽ ስትባል የመለሰችው ነው። «ን»ን አንሥቶ «ለ»ን የተካ ሰው እሾሁን ወስዶ ወንበር ሰጥቷታል። እሷ ወንበር ምን ያደርግላታል?

ተረቱን መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ የሰማሁትም በሆዴ ተኝቼ ነው።

የአያቴ ቤት ወጨጫ ሥር፣ ወደ ሱባ ደን በሚወስደው በኩል ነበር። ጥቅምት ሲገባ፣ ባቄላው እሸት ሲሆንና ገብሱ ሲጎመራ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደዚያ እላካለሁ። ሥራዬ ዝንጀሮ መጠበቅ ነው። ማሳው መሀል አራት እግር ያለው የእንጨት ማማ ተሠርቷል፤ ላዩ በሣር ተከድኗል። ከጎኔ የድንጋይ ክምር፣ በእጄ ወንጭፍ፣ በጉያዬ ቆሎ። ማሳው ዙሪያውን በአጋም ታጥሯል። አጋም ፍሬው ጣፋጭ፣ እሾሁ ግን ሹካ ነው፤ ጥንድ ጥንዱን ሆኖ ይወጋል።

ዝንጀሮ ጤዛው ሳይረግፍ አይመጣም። ጠዋት ካደረበት ገደል ወይም ትልልቅ ዛፍ ወርዶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይቀማመላል፣ ሕፃናቱ ይላፋሉ። ከዚያ ነው መንገድ የሚጀምረው። ያ መንጋ ሠላሳም አርባም ይሆን ነበር። መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ አጥሩ ሥር ብቅ ይላል፤ ማማውን ያያል፤ ማን እንዳለበት ይለያል። ትልቅ ወንድ ከሆነ ይመለሳል። ሴት ወይም ልጅ ከሆነ ግድም የለው። የአያቴን ቀሚስ አይቶ ሲሸሽ አላየሁም፤ አጎቴ ጋቢውን አጣፍቶ ብቅ ሲል ግን መንጋው ይበተናል። ከገባ በኋላ እዚያው ተቀምጦ አይበላም፤ ባቄላውን በእጁ እየሸመጠጠ በጉንጩ ከረጢት ያጭቃል። ሁለት ጉንጩ ጆሮ ደግፍ እንደያዘው ሰው አብጦ ከአጥር ወጥቶ ነው ዘና ብሎ የሚያኝከው። አያቴ «ስልቻውን ከአፉ ሰፍቶለት» ትለው ነበር።

አንድ ቀን ማማው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ባቄላው መሀል የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ዝንጀሮ ነው። ከማማው ዘልዬ እየጮህኩ ሮጥኩ፤ አንድ ወንድ ዝንጀሮ ዞር ብሎ የውሻ ክራንቻውን ሲያሳየኝ ደግሞ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ወደ ኋላ የሮጥኩት ወደ አጋሙ ነው። በጀርባዬ ገባሁበት።

አያቴ ከማተቧ ጋር ከአንገቷ የማትለያት የብረት ወረንጦ ነበረቻት። እሷን ይዛ መጣች። መዳፌ ደምቷል፣ ክርኔ ላይ እሾህ ቆሟል፣ ጉልበቴም ተወግቷል። «ቁጭ በል» አለችኝ። በርጩማው ላይ ልቀመጥ ስል ብድግ አልኩ። ደግማ «ቁጭ በል አልኩህ!» ስትል እያለቀስኩ መዳፌን ዘረጋሁላት፤ የሚደማው እሱ ነዋ። እሷ ግን መዳፌን ወደ ጎን ብላ በጉልበቷ ላይ በሆዴ አስተኛችኝ። ያኔ ነው ተረቱን ያለችው፤ «መቀመጫ» የሚለውን የጨዋ ቃል እንኳ አልተጠቀመችም። የኋላዬን ሦስት እሾህ ነቅላ ለጋ ቅቤ ቀባችና «አሁን ቁጭ በል» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ መዳፌን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እሷም እኔም ሳንቸኩል፣ አንድ በአንድ ነቀለችልኝ። ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ግን አላለቀስኩም።

እንግዲህ የእኔ ግምት ይሄ ነው፤ ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ። ይህ ተረት የተወለደው ከማሳ አጥር ሥር ነው። የፈጠሩትም ሊቃውንት ሳይሆኑ እንደ እኔ ዓይነት ሰብል ጠባቂዎች ናቸው። በአጋምና በቀጋ መሀል ሾልካ የወጣች ዝንጀሮ ከአጥሩ ማዶ የምታደርገውን ደጋግሞ ያየ ሰው ነው ይህን ሊል የሚችለው። ምክንያቱም ተረቱ ውስጥ ሰው ልብ ያላለው የአካል ጉዳይ አለ። ሰው ቆሞም ከመዳፉ እሾህ ይነቅላል። ዝንጀሮ ግን የምትሄደው በአራት እግሯ ነው፤ የፊት እጆቿ እግሮቿም ናቸው። እጅ የሚኖራት ስትቀመጥ ነው። መቀመጫዋ ከተወጋ መቀመጥ የለም፤ መቀመጥ ከሌለ እጅ የለም፤ እጅ ከሌለ የቀረውን እሾህ ማን ይነቅላል? ለዚህ ነው የመቀመጫዬን ያለችው። ፍየል ብትሆን እንዲህ አትልም ነበር። ጉሬዛም አትልም፤ ሱባ ደን ውስጥ ያሉት ነጭ ካባ ለባሾቹ ጉሬዛዎች አውራ ጣታቸው የለም የሚባል ያህል ትንሽ ስለሆነ እሾህ ነቀላ የእነሱ ሙያ አይደለም።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ሳቀብኝ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት አጥንቷል። «ጋሼ፣ የዝንጀሮ መቀመጫ እኮ እንደ ግመል ጉልበት የደነደነ ቆዳ ነው፤ እሾህ መች ይሰማታል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የአፍሪካና የእስያ ዝንጀሮና ጦጣዎች ሁሉ በመቀመጫ አጥንታቸው ላይ ይህ ደንዳና ንጣፍ አላቸው፤ በአሜሪካ አህጉር ያሉት ጦጣዎች የላቸውም፣ እኛም የለንም። ቅርንጫፍ ላይ ወይም ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው የሚያድሩት በእሱ ነው። በወንዱ ዝንጀሮ የግራና የቀኙ ንጣፍ መሀል ላይ ይገናኛል፤ በሴቷ ግን ተለያይቶ ይቀራል። እኔም እዚህ ላይ ያዝኩት። «ታዲያ ተረቱ አለች ነው ወይስ አለ ነው የሚለው?» አልኩት። ከንጣፉ ዙሪያ ያለው ራቁት ቆዳ ስስ ነው፤ የሴቷ ደግሞ ወራቷ ሲደርስ አብጦ ይወጠራል። እሾህ መግቢያ አላጣም። የእህቴ ልጅ አንገቱን ነቀነቀ፤ መስማማቱ ይሁን ማዘኑ አልገባኝም።

ሁለተኛም ግምት አለኝ፤ ይሄኛው ይበልጥ ይጣፍጠኛል። ተረቷ የጭላዳ ትመስለኛለች። አማርኛ ጭላዳንም ዝንጀሮ እያለ ስለሚጠራት ሁለቱ ተደባልቀውብን ይሆናል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለችም። ከ1,800 እስከ 4,400 ሜትር ከፍታ ባለው የገደል አፋፍ ትኖራለች፤ ከምግቧ እስከ 90 በመቶው ሣር ነው። ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ካልዋለ አይጠግብም።

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ደብረ ሊባኖስ ሄጄ በፖርቱጋል ድልድይ አጠገብ አፋፉ ላይ ረጅም ሰዓት አይቻቸዋለሁ። አንዲት እናት ከእኔ ስድስት እርምጃ ያህል ርቃ ተቀምጣ ነበር። በሁለት እጇ፣ በአውራ ጣቷና በአጭሯ ሌባ ጣቷ፣ ሣሩን አንድ በአንድ ትመዛለች፤ ጭብጥ ሲሞላላት ወደ አፏ። ፊቷ ያለው ሲያልቅባት አልተነሣችም። በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ወደ ፊት ተጓዘች፤ እጆቿ ሥራ አላቋረጡም። ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ራቁት ቆዳ ከሩቅ ይታያል። ሌሎች ዝንጀሮዎች በኋላቸው የሚያሳዩትን ምልክት ጭላዳ በደረቷ የምታሳየው ሁልጊዜ ስለምትቀመጥ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። እንግዲህ መቀመጫዋ ወንበሯም፣ እግሯም፣ የሥራ ቦታዋም የሆነች እንስሳ እዚያ ላይ ብትወጋ ምን ታስቀድም?

ወደ እድራችን ልመለስ። ተረቱ በሥርዓቱ ቢጠቀስ ኖሮ የመቀመጫችን እሾህ ወንበሩ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ጭቃው ነው። ድንኳን የሚጭነው መኪና በክረምት ወደ ውስጥ አይገባም፤ አዲስ ድንኳን ብንገዛም ዋናው መንገድ ላይ ይቀራል። ኮሚቴ ብንመርጥ የሚሰበሰበው በቦት ጫማ ነው። እንዲህ ብዬ ተናገርኩ፣ አያቴንም ጠቀስኩ። ሰዎች በትሕትና አዳመጡኝ። ከዚያ ምርጫው ቀደመ፣ ኮት የለበሱት ሰውም ተመረጡ። ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ተረት ላይ ምን አከራከረዎት?» አለኝ። በየስብሰባው አበው እንዲህ ብለዋል እያለ የሚምል ሁሉ አበው ያሉትን ግማሹን ጥሎ መምጣቱ ነዋ! ስድብ ለማድረግ ቢቸኩሉ እንኳ ዝንጀሮዋ ካለችው ላይ ፊደል ባይነጥቋት።

በመጨረሻ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ «ቅድሚያ ለመቀመጫዬ» ብሎ እንደጻፈው ሰማሁ። እጄን አውጥቼ ይታረም አልኩ፤ «የመቀመጫዬን» ተብሎ ይጻፍ። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። «ለ»ን ሰረዘ፣ «ን»ን ጨመረ፣ የጻፈውን ለራሱ አነበበ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ አየኝና «ይቅርታ ጋሼ፣ የመቀመጫዬን ምን ብዬ ልጨርሰው?» አለኝ።