የአየር ንብረት ለውጥ «የጣት አሻራ» ምንድን ነው?

«የምድር አየር ንብረት ድሮም ሲለዋወጥ ነው የኖረው፤ ያኔ ፋብሪካ ነበር ወይስ መኪና?» ስለ አየር ንብረት ለውጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርም። የመጀመሪያው ግማሹ እውነት ነው። የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ አብዛኛው ካናዳና ሰሜን አውሮፓ ውፍረቱ ከኪሎ ሜትር በሚያልፍ በረዶ ሥር ነበር። የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ደግሞ ምድር እጅግ ከመሞቋ የተነሣ በሰሜን ዋልታ ክበብ ውስጥ የአዞ ዘመዶች ይኖሩ ነበር። ይህን የሚክድ ተመራማሪ የለም፤ ለነገሩ እኛም ያወቅነው ከእነሱው ነው። እንከኑ ያለው ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የአሁኑም የተፈጥሮ ነው» ወደሚለው ድምዳሜ በመዝለሉ ላይ ነው። ሰው ድሮም በበሽታ ይሞት ነበርና በጥይት የተመታ አስከሬን ፊት ቆሞ «ይህንንም የገደለው በሽታ ነው» እንደማለት ይሆናል። አስከሬኑ ይመረመራል እንጂ በድሮው አይፈረድበትም።

ለአየር ንብረትም ምርመራ አለው፤ ተመራማሪዎች የጣት አሻራ ይሉታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ምድርን ሊያሞቅ ወይም ሊያቀዘቅዝ የሚችል እያንዳንዱ ምክንያት የራሱን የለውጥ መልክ ትቶ ያልፋል፦ የትኛው የከባቢ አየር ክፍል ሞቀ፣ የትኛው ቀዘቀዘ፣ ውቅያኖሱስ ምን ሆነ፣ ለውጡ በዓመታት መጣ ወይስ በሺህ ዓመታት። «አማካይ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ጨመረ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ማን እንዳሞቀው አይናገርም። መልኩ ግን ይናገራል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ምክንያት መልክ አስቀድሞ በፊዚክስ ይሰላል፤ ከዚያ በተጨባጭ ከተለካው ጋር ይመሳከራል።

ዘዴውን በሒሳብ መሠረት ላይ ያቆመው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ሀሰልማን ነው። በ1979 ባሳተመው ጥናት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የገጠመው ችግር የአየር ጠባይ በራሱ መዋዠቁ ነበር። አንዱ ዓመት ይሞቃል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ግርግር ውስጥ እውነተኛውን ለውጥ እንዴት መለየት ይቻላል? መልሱ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፦ መፈለግ ያለበት ለውጡ ትልቅ የሆነበት ቦታ ሳይሆን ለውጡ ከተለመደው መዋዠቅ በላይ ጎልቶ የወጣበት ቦታ ነው። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ከሌላው ምድር በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው፤ ሆኖም ከዓመት ዓመት ይበልጥ የሚዋዥቀውም እዚያው ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው ሙቀት የጨመረው ባነሰ መጠን ነው፤ መዋዠቁ ግን ከዚያም ያነሰ ስለሆነ ለውጡ ቀድሞ የሚለየው እዚያ ነው። ሀሰልማን በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከአየር ንብረት ተመራማሪው ሹኩሮ ማናቤና ከፊዚክስ ሊቁ ጆርጆ ፓሪሲ ጋር ተጋርቷል።

የተፈጥሮ ምክንያቶች ምን አሻራ አላቸው?

መጀመሪያ የምድር ምህዋር። ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባሰላው መሠረት ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ቅርጽ በ100 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የዛቢያዋ ዝንባሌ በ41 ሺህ ዓመት ገደማ ይለዋወጣል። የበረዶ ዘመናትን ያመጣና የመለሰ ይህ ነው። ነገር ግን በሺህ ዓመታት የሚሠራ ኃይል በ50 ዓመት ውስጥ የታየን ሙቀት ሊያስረዳ አይችልም። ከዚህም በላይ ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት የምህዋሩ ግፊት ወደ መቀዝቀዝ ነበር። በቃ፣ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

እሳተ ገሞራ የበለጠ ያስተምራል። በሰኔ 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ተራራ ፈነዳ። ስትራቶስፌር ወደሚባለው ከፍ ያለ የአየር ንጣፍ የወጣው የሰልፈር ጋዝ ተለውጦ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሕዋ የሚመልስ ጭጋግ ሆነ፤ የምድር አማካይ ሙቀትም ለአንድ ሁለት ዓመት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወረደ። አሻራው ግልጽ ነበር፦ ታች ቀዝቃዛ፣ ላይ ሞቃት። ጭጋጉ ራሱ ጨረር ስለሚውጥ ስትራቶስፌሩን አሙቆታል። ይህን ልብ ይሏል፤ ዛሬ የምናየው መልክ የዚህ ተቃራኒ ነው። «አንድ እሳተ ገሞራ ከሰው ልጅ ሁሉ የበለጠ ካርቦን ይለቃል» የሚለው ወሬ ደግሞ በየጊዜው ብቅ ይላል። የዓለም እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚለቀው አንድ በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው።

ፀሐይስ? ከሁሉ አሳማኙ ተጠርጣሪ እሷ ናት፤ ሙቀታችን ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነውና። ከ1978 ጀምሮ ሳተላይቶች ጉልበቷን በቀጥታ ሲለኩ ቆይተዋል። በ11 ዓመት ዑደት ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ልዩነቱ ግን አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ በፍጥነት በጨመረባቸው በእነዚሁ ዐሥርት ዓመታት የፀሐይ ጉልበት የመጨመር አዝማሚያ አላሳየም፤ እንዲያውም በጥቂቱ የመቀነስ። ይህ ብቻውን በቂ በሆነ ነበር፤ ይበልጥ ጠንካራው ማስረጃ ግን ከላያችን ያለው አየር ነው።

ላይ ይቀዘቅዛል፣ ታች ይሞቃል

የምንኖርበት የታችኛው የአየር ንጣፍ ትሮፖስፌር ይባላል፤ ከእሱ በላይ፣ ከ10 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ስትራቶስፌር ነው። ምድርን ያሞቃት ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ሁለቱም ይሞቁ ነበር፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከላይ ነውና። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ጋዙ ታች ሲበዛ ከምድር ወደ ሕዋ የሚወጣውን ሙቀት እየያዘ ይመልሰዋል። ስትራቶስፌር ላይ ሲበዛ ግን አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የያዘውን ሙቀት ወደ ሕዋ በቀላሉ ይለቃል፤ ስለዚህ ያቀዘቅዘዋል። ያው ጋዝ ታች አሙቆ ላይ ያቀዘቅዛል።

ማናቤ ከባልደረባው ሪቻርድ ዌዘራልድ ጋር ይህን ያሰላው በ1967 ነው። ልኬቱ ገና አልነበረም። የከባቢ አየርን ሙቀት በየንጣፉ የሚከታተሉ ሳተላይቶች መረጃ የሚጀምረው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ያሳየውም እንደተባለው ነው፦ ትሮፖስፌር እየሞቀ፣ ስትራቶስፌር እየቀዘቀዘ። በበኩሌ በዚህ ክርክር አንድ ማስረጃ ብቻ እንድመርጥ ብገደድ የምመርጠው ይህን ነው፤ ከውጤቱ በፊት የተነገረ ትንቢት ከውጤቱ በኋላ ከመጣ ማብራሪያ ይበልጣልና። አንድ ነገር መደበቅ አይገባም፦ የስትራቶስፌሩን የታችኛውን ክፍል ያቀዘቀዘው በከፊል የኦዞን መሳሳት ነው። ኦዞኑን ያሳሳው ግን ከማቀዝቀዣና ከመሳሰሉት የወጣ የፋብሪካ ኬሚካል ስለሆነ ይህም ቢሆን ተፈጥሮን አያስከስስም። ከፍ ባለው ክፍል ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድርሻ እጅግ የጎላ ነው።

ፀሐይ የምታሞቀው ቀን ነውና ሌሊቱ ከቀኑ በበለጠ ፍጥነት መሞቁም እንደ አሻራ ይጠቀሳል። ልኬቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ደመናና ብናኝም በዚህ ላይ እጃቸው ስላለበት ከስትራቶስፌሩ እኩል ክብደት ባልሰጠው እመርጣለሁ።

ጋዙስ የማን ነው?

«እሺ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያሞቅ፤ ግን ከተፈጥሮ የመጣ ቢሆንስ?» ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ውቅያኖስና ዕፅዋት በየዓመቱ ከአየር ጋር የሚለዋወጡት ካርቦን ሰው ከሚለቀው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ የእነሱ ልውውጥ ሰጥቶ መቀበል መሆኑ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280 አካባቢ ነበር። ተመራማሪው ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 አካባቢ ደርሷል፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ከአንታርክቲካ በረዶ ተቆፍሮ በወጣው የ800 ሺህ ዓመት መዝገብ ውስጥ ከ300 እምብዛም ያለፈበት ጊዜ የለም።

ካርቦኑ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ክብደታቸው የሚለያይ ዓይነቶች አሉት። ዕፅዋት ምግባቸውን ሲሠሩ ቀለል ያለውን ካርቦን-12 ከካርቦን-13 ያስበልጣሉ። የከሰል ድንጋይና ነዳጅ ደግሞ የጥንት ዕፅዋትና ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ናቸው። እነሱን ስናቃጥል በአየር ውስጥ የካርቦን-13 ድርሻ መውረድ አለበት፤ ሲወርድም ተለክቷል። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጋዝ እንዲህ ሊያወርደው አይችልም። «ታዲያ የደን ቃጠሎ ቢሆንስ?» ለሚል ካርቦን-14 አለ። ይህ ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ በሚሊዮን ዓመታት በሚቆጠር ነዳጅ ውስጥ ጨርሶ የለም፤ በዛሬ ዛፍ ውስጥ ግን አለ። ተመራማሪው ሃንስ ሱውስ በ1950ዎቹ የአየሩ ካርቦን-14 በአሮጌ ካርቦን እየሳሳ መሆኑን በዛፍ ቀለበቶች አሳየ። ብዙም ሳይቆይ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ካርቦን-14ን በእጥፍ ገደማ ስላሳደጉት ልኬቱ ለጊዜው ተረብሾ ነበር፤ የሱውስ ውጤት ከዚያ በፊት መመዝገቡ መልካም አጋጣሚ ሆነ።

ኦክስጅንም ይመሰክራል። ማቃጠል ኦክስጅን ይበላል፤ የኪሊንግ ልጅ ራልፍ በጀመረው ልኬት የአየሩ ኦክስጅን በጥቂቱ ግን ሳያቋርጥ እየቀነሰ ነው (ለትንፋሽ አያሰጋም)። ጋዙን የተፋው ውቅያኖስ ቢሆን ኖሮ ውቅያኖሱ ካርቦን ባጣ ነበር፤ እሱ ግን እየጨመረበት ነው፣ አሲድነቱም አድጓል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ተራው የሒሳብ ስሌት ያሳምነኛል፦ አየር ላይ በየዓመቱ የሚጨመረው ሰው ከሚለቀው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ሌላውን ባሕርና ዕፅዋት ውጠውታል። የሚውጥ አካል በተመሳሳይ ጊዜ የጭማሪው ምንጭ ሊሆን አይችልም።

አንድ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ከሌሎቹ የተሻለ የታሰበበት ነው። በአንታርክቲካ መዝገብ ላይ የበረዶ ዘመን ሲያበቃ መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቆይቶ ካርቦኑ የሚጨምርበት ቦታ አለ። እውነት ነው። ያኔ መነሻው ምህዋሩ ነበር፤ የሞቀው ባሕር ካርቦን ለቀቀ፣ የተለቀቀው ካርቦን ደግሞ ሙቀቱን አባብሶ ወደ መላው ምድር አዳረሰ። ካርቦን ያኔ ተከታይ ሆኖ ገብቶ አባባሽ ሆነ፤ ዛሬ እኛ መጀመሪያ ላይ አስገባነው። ሁለቱም ቦታ የሚሠራው ፊዚክስ አንድ ነው።

ኤልኒኞና መሰል መዋዠቆችም አሉ። እነሱ ሙቀትን ከውቅያኖስ ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ውቅያኖስ ያዘዋውራሉ። የአየሩ ሙቀት ከባሕር የተበደረው ቢሆን ባሕሩ መቀዝቀዝ ነበረበት። ነገር ግን በምድር ላይ ከተከማቸው ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ገደማውን የያዘው ራሱ ባሕሩ ነው።

ድርሻው ስንት ነው?

ብዙ ሰው «ግማሹ ከተፈጥሮ፣ ግማሹ ከሰው» የሚል የሽምግልና መልስ ይጠብቃል። በምርመራው የወጣው ውጤት እንዲህ አይደለም። የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው ከ1850–1900 እስከ 2010–2019 ድረስ ሰው ያመጣው ሙቀት በተሻለ ግምት 1.07 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ይህም በተጨባጭ ከተለካው ጭማሪ ጋር የሚቀራረብ ነው። የፀሐይና የእሳተ ገሞራ ድርሻ በአንድ ዐሥረኛ ዲግሪ ጭማሪና ቅናሽ መካከል ነው። ሙቀት አማቂ ጋዞቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ደግሞ ከተለካውም በላይ ባሞቁ ነበር፤ ከጭስ ማውጫዎች የሚወጣው የሰልፈር ብናኝ፣ ልክ እንደ ፒናቱቦ ጭጋግ፣ ከፊሉን ሸፍኖታል። አየሩን ከዚህ ብናኝ ባጸዳነው ቁጥር የተሸፈነው ሙቀት ብቅ ይላል፤ ይህም ከአሻራው ጥናት ከወጡት ውጤቶች ሁሉ የማይመቸው ነው።

ክርክር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢያድግ ምድር በመጨረሻ በስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ ሲጠየቅ ያው ሪፖርት ከ2.5 እስከ 4 የሚል ሰፊ ክልል ይሰጣል፤ ዋናው ምክንያት ደመና ነው። ከዚህ በላይ አከራካሪው አንድን ድርቅ ወይም አንድን ጎርፍ ለይቶ መክሰስ ነው። ሙቀት ላይ ዘዴው ጎበዝ ነው፤ በ2003 አውሮፓን ስለመታው የበጋ ሙቀት በ2004 የወጣ ጥናት የሰው እጅ የዚያ ዓይነቱን አደጋ ዕድል ቢያንስ በእጥፍ እንዳሳደገ አስልቷል። ዝናብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይቸገራል፤ አንዳንዴም ያልተጠበቀ መልስ ይሰጣል። በ2021 ደቡባዊ ማዳጋስካር ለረሃብ የተዳረገችበት ድርቅ በብዙ መግለጫ የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ተብሎ ነበር። ወርልድ ዌዘር አትሪቡሽን የተሰኘው የተመራማሪዎች ስብስብ በዓመቱ መጨረሻ መርምሮ ያገኘው ሌላ ነው፦ የዝናቡ መጥፋት ከተፈጥሮ መዋዠቅ ጋር የሚስማማ ነበር፤ የሰው ድርሻ ቢኖርም ከዚያ መዋዠቅ ተለይቶ የሚታይ አልሆነም፤ ረሃቡን ያባባሰው በዋናነት የሕዝቡ ድህነትና በዝናብ ላይ ብቻ መመሥረቱ ነው።