«7 ዶላር ከፍለህ ካናዳ ላከኝ» ለምትሉኝ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ፎርም ከሚሞሉት አንዱ ነኝ። ቪዛ፣ ዲቪ፣ የፓስፖርት ቀጠሮ፣ የመጣውን ሁሉ። ሰሞኑን ግን የቲክቶክ ቪዲዮ ሰላም ነስቶኛል። አንዱ ተነስቶ «ካናዳ ቪዛ ቀረ፣ ኢ-ቲ-ኤ በኦንላይን 7 ዶላር ብቻ!» ይላል። ሰዉ ስልኩን ይዞ ይመጣና «ይችን ሙላልኝ» ይለኛል። ኧረ ወገን፣ ይችን ሞልቶ ካናዳ የሚኬድ ቢሆን እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?

«ኢ-ቲ-ኤ ማንም ያወጣል።»

አያወጣም። ይህ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ የተሠራው ድሮም ቪዛ ለማይጠየቁ ሰዎች ነው። ጀርመኑ ወይም ጃፓኑ ቀድሞ ፓስፖርቱን ብቻ ይዞ ይሳፈር ነበር። አሁን ከመሳፈሩ በፊት ማንነቱ በኮምፒውተር ይጣራል፣ ነገሩ ይኸው ነው። አሜሪካ ኢስታ የምትለውን ከጥር 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ አደረገች። ካናዳ በ2016 ተከተለች። እንግሊዝ ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ አገር በአገር አስገባችው። ስለዚህ ለእኛ የተከፈተ አዲስ በር የለም፣ ለሌሎች ክፍት በነበረው በር ላይ መቀርቀሪያ ተጨመረ እንጂ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለሦስቱም አገሮች ቪዛ ያስፈልገዋል።

ሰውን የሚያታልለው ዋጋው ነው። የካናዳው 7 የካናዳ ዶላር፣ የእንግሊዙ ሲጀምር 10 ፓውንድ ነበር፣ ኋላ 16 ሆነ። ርካሽ ነዋ! ደላላው ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን «የአገልግሎት» ይጨምራል።

ከአዘዞ የመጣ አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። አባቱ በሬ ሸጠው ለደላላ ከፍለዋል። ልጁ ባለቀለም ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። የካናዳ ባንዲራ አለው፣ ማኅተም አለው፣ «ጸድቋል» ይላል። ወንድሜ፣ እውነተኛው ፈቃድ እኮ ማኅተም ያለው ወረቀት አይደለም! በኢሜይል ይነገርሃል፣ ከፓስፖርት ቁጥርህ ጋር በሲስተም ይያያዛል፣ አለቀ። ትክክለኛውን የመንግሥት ገጽ ከፈትኩለት። የምን አገር ፓስፖርት እንደያዝክ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ስንል ቪዛ ያስፈልግሃል አለን። ልጁ ዝም አለ። ደላላው ስልኩን ካጠፋ ቆይቷል።

«በአሜሪካ ቪዛ ካናዳ ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ» የምትሉም አላችሁ። ግማሹ እውነት ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ካናዳ በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ቪዛ ከምትጠይቃቸው አገሮች 13ቱን መርጣ፣ ዜጎቻቸው የአሜሪካ ቪዛ በእጃቸው ካለ ወይም ባለፉት 10 ዓመታት የካናዳ ቪዛ አግኝተው ከነበረ፣ በአውሮፕላን ሲመጡ በኢ-ቲ-ኤ እንዲገቡ ፈቅዳለች። ከአፍሪካ ሞሮኮና ሲሼልስ ብቻ ናቸው የገቡት። እኛ የለንበትም። ቲክቶከሩ ይህን የመጨረሻውን ነገር አይናገርም።

አውሮፓ የምታዘጋጀው ተመሳሳይ ፈቃድ፣ ኢቲያስ የሚባለውም ያው ነው። በ2026 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይጀምራል ተብሏል፣ ክፍያው 20 ዩሮ ነው፣ ለእኛ ግን አይደለም። ለእኛ ሼንገን፣ ማለትም ብዙዎቹን የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው ቪዛ፣ እንደ ድሮው ነው።

«ዋናው የምትኖርበት አገር ነው።»

ዋናው የያዝከው ፓስፖርት ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት እህትማማቾችን አስቡ። አንዷ ከጎንደር እስራኤል ሄዳ የእስራኤል ፓስፖርት ይዛለች፣ ከ2023 ጀምሮ አሜሪካን በኢስታ መጎብኘት ትችላለች። ጎንደር የቀረችው ኤምባሲ ቀጠሮ ትጠብቃለች። ግሪን ካርድ ላይ ግን ነገሩ ይለያያል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት አሜሪካ የምትኖር ሰው ፓስፖርቷንና ግሪን ካርዷን አሳይታ ካናዳ ትገባለች፣ ከሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢ-ቲ-ኤም አትጠየቅም። ለንደን ልሂድ ካለች ግን ቪዛ ያስፈልጋታል። ስለዚህ «የአክስቴ ልጅ በዚህ ገብታለች» እያላችሁ አትምጡብኝ፣ መጀመሪያ ምን እንደያዘች ጠይቁልኝ።

«ከኤርፖርቱ ካልወጣሁ ምንም አያስፈልገኝም።»

ፍራንክፈርት ላይ ያስፈልጋችኋል። የሼንገን አገሮች ለኤርፖርት መሸጋገሪያ እንኳ ቪዛ ከሚጠይቋቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የሚሠራ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። አሜሪካ ደግሞ ለማለፍ ብቻ የሚመጣውንም ቪዛ ወይም ኢስታ ትጠይቃለች። ርካሽ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደሚያርፍ እዩ።

«ፈቃድ ከተሰጠኝ መግባቴ እርግጠኛ ነው።» አይደለም፣ የመጨረሻው ቃል የድንበሩ መኮንን ነው።

«ፓስፖርት ባድስም የድሮው ፈቃድ ይሠራል።» አይሠራም፣ ከአሮጌው ቁጥር ጋር ሞቷል።

«እዚሁ ተወልጄ ምን ቪዛ እጠየቃለሁ?»

ይሄ የዳያስፖራዎቹ ነው። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ለመገኘት ቲኬት ይቆርጡና ሊነሱ ሲሉ ይደውላሉ። ጋሼ፣ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የውጭ ፓስፖርት ከያዙ ወይ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይዘው ይመጣሉ፣ ወይ ኢ-ቪዛ ያወጣሉ። ኢ-ቪዛው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ በኦንላይን ነው የሚሞላው። ስትሞሉ ግን የመንግሥት ገጽ መሆኑን አረጋግጡ። ጉግል ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፣ እጥፍ ያስከፍላችኋል።

«ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብጽፈው ይገባቸዋል።»

አይገባቸውም። መስከረም 5 ቀን 1985 የተወለደ ሰው ፎርሙ ላይ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1992 ነው። ከራሳችሁ አታስሉ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቅዱ። ስሙንም እንደዚያው፣ ስፔሊንጉ ደስ ባይላችሁም። ፓስፖርቱ ላይ የተሳሳተ ነገር ካለ መጀመሪያ ፓስፖርቱን አሳርሙ። ቁጥሩን ስትጽፉ ደግሞ ዜሮን ኦ አታድርጉት። ግር ካላችሁ ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት ረጃጅም መስመሮች ተመልከቱ፣ ማሽኑ የሚያነበው እነሱን ነው።