«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች»

በቅሎ አልዋሸችም። እናቷ በእርግጥ ባዝራ ናት። የተጠየቀችው ግን ስለ አባቷ ነበር፤ አባቷ ደግሞ አህያ ነው። «ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚሉም አሉ። እኔ የእናቲቱን እመርጣለሁ፤ ቃሉ እውነት ሆኖ መልሱ ሽሽት የሚሆነው በዚህኛው ነውና።

የአባባሉን ኑሮ ለመረዳት ሰሜን ሸዋን ማየት ይበቃል። በአንኮበር ገደል ለገደል በሚሄደው መንገድ የበቅሎ እግር አይስትም። ስለዚህ የመኳንንትና የካህናት መቀመጫ ሆና፣ ባጌጠ ኮርቻ ተከብራ ኖረች። አህያ ከመንዝ ገብስ ተጭኖ ገበያ ይወርዳል፤ ጉልበቱን ሁሉም ሰው ይፈልገዋል፣ ስሙ ግን ስድብ ነው። በቅሎ ያንን የማይስት እግር የወረሰችው ግን ከናቀችው አባቷ ነው!

መንዝና ተጉለት የርስት አገር ነበሩ። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሰው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ፣ በአባትም በእናትም በኩል ትውልድ እየቆጠረ መሬት ይጠይቅ ነበር። የሚጠቅመውን ወገን አጉልቶ ሌላውን ዝም ብሎ ማለፍ የታወቀ ነገር ነው። በዚያ አገር «አባትህ ማን ነው?» ተራ ጥያቄ አልነበረም።

አባባሉ የሚነገረው ትውልዱን ለሚደብቅ ሰው ነው። እኔ ግን የማስታውሰው ስለ ሙዚቃ ሲወራ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ «ምን ታዳምጣለህ?» ሲባል «ኢትዮ ጃዝ ብቻ» ብሎ፣ የሰርግ ዘፈን የሚወደውን ጎረቤቱን ጆሮ እንደሌለው የሚቆጥር የተማረ ሰው አይጠፋም። ኢትዮ ጃዝን መውደዱ እውነት ነው። ነገር ግን ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ጃዙን ያዋሐደው ከምን ጋር ነው? ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር። እነዚህን ቅኝቶች በየጠጅ ቤቱና በየሰርጉ፣ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ የማሲንቆ ክር ካቆዩልን ሰዎች ዋነኛው «ጩኸት ብቻ» የሚባለው አዝማሪ ነው። በ1960ዎቹ በሸክላ ታትመው ዛሬ እንደ ቅርስ ከሚደመጡት ዘፈኖች ብዙዎቹም በዘመናቸው የምሽት ክበብ መጨፈሪያ ነበሩ።

በፊልምም ያው ነው። «የአማርኛ ፊልም አላይም» የሚለው ሰው በልጅነቱ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣቦ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ በሕንድ ፊልም ያለቀሰ ነው። በታሪክ ልቡ መነካትን የተማረው እዚያ ነው፤ ለምን ያፍርበታል? ደካማ ፊልም ደካማ ነው፣ ድክመቱም ይነገር። የሚያስቆጣኝ ሥራው ሳይታይ ተመልካቹ ሲናቅ ነው።

ምሳሌ በአፋችን ብዙ ጊዜ በግማሹ ይቀራል። አንድ ሰርግ ላይ፣ «ይህን ዘፈን አልሰማም» ሲል ያመሸ ዘመዳችን ማሲንቆው ሲሞቅ ትከሻው እየከዳው መጣ። አጠገቡ የተቀመጡ እናት «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት...» ብለው ዝም አሉ። ቀሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ እስክስታ ወረደ፣ ሲጨርስም የአዝማሪው ግንባር ላይ መቶ ብር ለጠፈ።