«ቢምቢ ሀብታም ከደሃ አይለይም» እና ሌሎች የድሬ ወሬዎች

ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ጥላ ይፈለጋል፣ በርጫው ይዘረጋል፣ ወሬው ይደራል። የበሽታ ነገር ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ።

«ቢምቢ ሀብታም ከደሃ አይለይም።»

ስትነክስ አትለይም። መራቢያ ቦታዋ ግን ይለያል። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባል ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ገብቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የከተማችን ሰው መገጣጠሚያው ተይዞ ተኛ። በ2014 ደግሞ ወባ ተነሳ። ተመራማሪዎች ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ እጇ እንዳለበት ደረሱበት። ይህቺኛዋ እንደለመድናት የወባ ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። በርሜል ይበቃታል። የቺኩንጉንያዋም የተጠራቀመ ውሃ ትወዳለች፤ ያውም የምትነክሰው በቀን ነው፣ አጎበሩ ተጠቅልሎ ሳለ።

ታዲያ በርሜል የሚደረድረው ማነው? ቧንቧው ሲፈልግ ብቻ የሚመጣለት ሰው ነዋ! ክዳኑ የገጠመ ሮቶ ያለው ሰው ብዙም አይጨነቅም። «ውሃ አታጠራቅሙ» የሚል ምክር ስሰማ ሳቄ ይመጣል። አቦ፣ ምን ይጠጡ? መጀመሪያ ክዳን ስጧቸው።

«ጎርፍ ማንንም አይመርጥም።»

ሐምሌ 1998 ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ጎርፉ የሄደው በወንዙ መንገድ ነው። ወንዙ ዳር ቤት የሚሠራው ሌላ ቦታ መግዛት ያልቻለ ነው።

«ደሃ የሚታመመው ራሱን ስለማይጠብቅ ነው።»

ይህን እኔም አምን ነበር። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ዋይትሆል የሚባል ጥናት አለ። የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን፣ ወንዶችን፣ ለዓመታት ተከታተለ። ሁሉም ቋሚ ደመወዝ አላቸው፣ ሕክምናም በነጻ ነው። ሆኖም የዝቅተኛው እርከን ሠራተኞች በልብ ሕመም የሞቱት ከከፍተኛው እርከን ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ሲጋራውና የደም ግፊቱ ታስቦ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። ደግሞ ከላይ ሁለተኛ የሆነው ከአንደኛው ይብሳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። እንደ መሰላል ነው።

«እንግዲህ ልዩነት ሁሉ ግፍ ሊባል ነው?»

አይደለም። ሽማግሌ ከወጣት ይልቅ ይታመማል፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። ግፍ የሚሆነው ማስቀረት እየተቻለ ሲተው ነው።

«ሕክምናው ነጻ ነው፣ ሌላ ምን ቀረ?»

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ ነጻ ነው። የቲቢ መድኃኒትም እንዲሁ። ባጃጁ ግን ነጻ አይደለም። ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ፣ ለምትመጣ እናት መንገዱ አለ፣ የቀረባት የቀን ገቢ አለ፣ ቤት የቀሩት ልጆች አሉ። ከገባች በኋላም ቋንቋው አለ። ድሬ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ እየቀላቀለች ትኖራለች፤ ካርድ ክፍልና ሐኪም ጋ ግን ሦስቱም ሁልጊዜ አይገኙም። ሶማሊኛ ብቻ የምታውቅ እናት ወንድ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ትገባለች። የማህፀን ሕመም በወንድ ልጅ አፍ እንዴት ይነገራል? አንዳንዷ «ራሴን ያመኛል» ብላ ክኒኗን ይዛ ትመለሳለች።